በባዶ ሚዛን ላይ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ ሰባ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ። ሰው ሰብሰብ ብሎ እገሌ ወንዝ ዳር ምን አየ፣ የእገሊትን በር ማን ቆረቆረ ሲባባል፣ መሐል ገብቼ "ስንት ሰዓት ነበር? ምን ያህል ይርቅ ነበር? ሰውዬው ምን ጠጥቶ ነበር?" እያልኩ ወሬውን የማበላሽ ሰው ነኝ፣ ለዚህም ይሆናል ብዙ ቦታ የማልጠራው። በእግዚአብሔር አምናለሁ፣ በሚዛን አምናለሁ፣ ከሁለቱ ውጭ ያለውን ግን ካልዳሰስኩት አልቀበልም ነበር። አሁንም ልዳስሰው ፈልጌ አይደለም፣ እሱው ራሱ መጥቶ ክንዴ ላይ ተቀመጠብኝ እንጂ።

ሥራዬ ሚዛን ማረጋገጥ ነው። ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ በዙሪያው ባሉት ወረዳዎች በገበያ ቀን እየዞርኩ የእህል ነጋዴውንም የሥጋ ቤቱንም ሚዛን እፈትሻለሁ፣ ልክ ከሆነ አትምበታለሁ፣ ካልሆነ አሽገዋለሁ። ይዤ የምዞረው ሁለት ነገር ነው። አንዱ በባትሪ የሚሠራ፣ ከላይ ሳህን ያለው፣ ፊቱ ላይ ቀይ ቁጥር የሚያበራ ሚዛን ነው፣ ሌላው ልክ ሃያ ኪሎ የሆነ የብረት ክብደት ነው፣ ብረት ቢሆንም እኛ የሚዛን ድንጋይ ነው የምንለው። ገበያ ውስጥ "ባለ ሚዛኑ መጣ" ሲባል ነጋዴው ሁሉ ሳህኑን መወልወል ይጀምራል፣ ሳህን ስለተወለወለ ሚዛን ልክ የሚሆን ይመስል።

መሥሪያ ቤታችን ወደ አዲስ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ከተዛወረ ገና ዓመት አልሞላውም፣ ቢሯችንም አምስተኛው ላይ ነው፣ ሊፍት አለው። ሊፍት በእኛ ከተማ ገና ብርቅ ነውና ጉዳይ የሌለው ሰው ሳይቀር ለመሳፈር ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ከመርጡለ ማርያም በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ትከሻቸው ላይ ሙሉ ስልቻ እንደያዙ አብረውኝ ገቡ፣ ሊፍቱ ብድግ ሲል "ወይ ጉድ! ማነው የጨመረብኝ?" ብለው ወደ ኋላቸው ዞሩ። እኔ ሳቄን እየዋጥኩ፣ ማንም አልጨመረብዎትም አባቴ፣ ሊፍቱ ወደ ላይ ሲነሣ ወለሉ ከታች ስለሚገፋዎት ሸክምዎ ከበድ ይላል፣ ላይ ደርሶ ሊቆም ሲል ደግሞ ቀለል ይላል፣ መሐሉን ግን ያው ነው፣ ስልቻው መቼም አልተለወጠም ብዬ አስረዳኋቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና "እንግዲያው እኔ ስሸጥ ሲነሣ፣ ስገዛ ሲቆም አትመዝንልኝም?" አሉኝ። እመኑኝ፣ ትምህርት ቤት የተማርኩትን ሁሉ በአንድ አፍ ነው የጠቀለሉልኝ።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ስሆን ሚዛኑን ሊፍቱ ወለል ላይ አስቀምጬ፣ የሃያ ኪሎውን ድንጋይ ጭኜበት መጫወት ጀመርኩ። ሲነሣ ሃያ አንድ ከአራት መቶ ይላል፣ ከዚያ ሃያ ላይ ይረጋል፣ አምስተኛው ላይ ሊቆም ሲል አሥራ ስምንት ከስድስት መቶ ይወርዳል፣ ሲቆም ተመልሶ ሃያ። ወደ ታች ሲኬድ ግልባጩ ነው፣ መጀመሪያ ይቀላል፣ መጨረሻ ላይ ይከብዳል። የሌላው ሰው መዝናኛ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ የእኔ ይኸው ነበር። ብቻውን የሚኖር ሰው ጨዋታውን ከየትም ያመጣል።

ብቻዬን የሆንኩበትን ምክንያት ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም፣ ስለዚህ እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ትርንጎ ትባላለች። ባለፈው ግንቦት፣ ማክሰኞ ቀን፣ ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ተገላገለች። ነርሷ ሕፃኗን በፎጣ ጠቅልላ ወጥታ "አባቷ ማነው? እንካ ያዛት" ስትለኝ፣ እኔ ሁለት እጄን ወደ ኋላዬ አድርጌ አንድ እርምጃ አፈገፈግሁ። አማቴ ናቸው የተቀበሏት። ለምን መሰላችሁ? ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ያለው ሁለተኛው እሁድ የሰንበቴ ተራዬ ነበር። በእኛ ደብር ማኅበርተኛው በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ በየተራው እየደገሰ ድሃ ያበላል፣ ያ ተራ ደግሞ አባቴ ሞቶ ቦታውን ከወረስኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። አራስ ቤት የገባ፣ አራስ ልጅ የነካ ሰው፣ ቄስ መጥቶ ቤቱን ጠበል ሳይረጭ ቤተ ክርስቲያን አይዘልቅም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እኔ ደግሞ ሚዛን የለመደ ሰው ነኝ፣ ልክ ማለት ለእኔ ልክ ነው፣ በግራም እንኳ ማዛባት አልወድም። ስለዚህ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ያንኑ ቤት በግድግዳ ተካፍለን ኖርን። እሷ ከወዲያ ታለቅሳለች፣ እኔ ከወዲህ እሰማለሁ፣ ሲርባት የምታለቅሰውንና ሲበርዳት የምታለቅሰውን መለየት ሁሉ ጀምሬ ነበር። "እሁድ ከሰንበቴው መልስ አቅፋታለሁ" እያልኩ ቀን እቆጥር ነበር።

ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ሞተች። አጎቷ፣ የትርንጎ ወንድም ማለት ነው፣ በነጠላ ጠቅልሎ ታቅፏት ቀድሞኝ ሄደ፣ እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ክርስትና አልተነሣችም ነበርና ፍትሐት የለም፣ ከቅጥሩ ውጭ ተቀበረች፣ ስምም አልነበራት። እሁድ ሰንበቴው አልቀረም፣ እህቴ ቤት ተዘጋጅቶ የነበረውን ድግስ ሰው "ያጽናህ" እያለኝ በላው። ሰነባብቶ ለንስሐ አባቴ ነገሩን ብነግራቸው ራሳቸውን ይዘው ቆዩና "አንተ ሰው፣ አባት ልጁን እንዳያቅፍ ማን አለህ? ጠይቀኸኝ ቢሆን በዚያው ሳምንት ጠበሉን ረጭቼልህ፣ አቅፈሃት፣ ሰንበቴህንም ታበላ ነበር" አሉኝ። አልጠየቅኋቸውም፣ አያችሁ። የሰው ሁሉ ሚዛን ስፈትሽ የምኖረው ሰው የራሴን አልፈተሽኩም።

ትርንጎ ሐምሌ ላይ ልብሷን ጠቅልላ ደብረ ወርቅ እናቷ ዘንድ ሄደች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል "ልጅ የሞተባት እኔ ነኝ፣ አንተማ ምን ሞተብህ? የማታውቃት ልጅ ናት" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በበዓል በበዓል እደውላለሁ፣ "ደኅና ነኝ" ትላለች፣ ይዘጋል። ልጅ ነበረኝ ማለት እችላለሁ ወይስ አልችልም የሚለው ጥያቄ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሣኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

እንግዲህ ወደ ዕለቱ ልምጣ፣ የጥር መጨረሻ እሁድ ነው። ቅዳሜ ደብረ ኤልያስ ገበያ ውዬ አምሽቼ ስለገባሁ ሚዛኑና ድንጋዩ ቤቴ ነው ያደሩት። እሁድ ደግሞ ከተማው በሠርግ ተናውጧል፣ መኪናው ሁሉ ጡሩንባውን እየነፋ ያልፋል፣ እኔም አንድ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ነበረኝ፣ ላዩ ላይ "ከነባለቤትዎ" የሚል ተጽፎበታል፣ አልሄድኩም። ቤት ውስጥ ተቀምጬ የሰው ጭፈራ ከሩቅ ስሰማ ቆየሁና ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አላስችል ሲለኝ፣ ዕቃውን ቢሮ ላድርስ ብዬ ባጃጅ ጠርቼ ወጣሁ። ነገ ባደርሰው ምን ነበረበት? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

የሕንፃው ጥበቃ አያ ደሴ ይባላሉ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል።

"ምን ሁነህ ነው በሰንበት?" አሉኝ።

"ይችን ዕቃ ላድርስ ብዬ ነው አያ ደሴ፣ በደረጃ ደግሞ አልችላትም፣ ሊፍቱን ያብሩልኝ።"

"ሠርግ የለህም? ዛሬ ሠርግ የሌለው እኔና አንተ ብቻ ሳንሆን አንቀርም" አሉና እየተነጫነጩ ሄደው አበሩልኝ።

ሚዛኑን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ፣ አበራሁት፣ ዜሮ አለ፣ ድንጋዩን ጫንኩበት፣ አምስትን ተጫንኩ። እንደ ወትሮው ሃያ አንድ ከአራት መቶ፣ ሃያ፣ አሥራ ስምንት ከስድስት መቶ፣ ሃያ። አምስተኛው ላይ ወረድኩ፣ ድንጋዩን አንስቼ ቢሮው በር ድረስ ወሰድኩና አስቀመጥኩት፣ ሚዛኑን ላመጣ ተመለስኩ። ሕንፃው ባዶ ነው፣ የራሴ ኮቴ ብቻ ነው የሚሰማኝ፣ የሠርጉ ጡሩንባ እንኳ እዚያ ድረስ አይወጣም። ሊፍት ውስጥ ገብቼ ሚዛኑን ላነሣ ጎንበስ ስል በሩ ከኋላዬ ተዘጋ፣ ይህ ምንም አይደለም፣ ቶሎ ካልወጡ ይዘጋል። ቁጥሩን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ባዶ ሳህን ላይ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ ሰባ ይላል።

መጀመሪያ ያሰብኩት ሚዛኔ ተበላሸ ብዬ ነው፣ እንዲያውም ተናደድኩ፣ ነገ ምን ይዤ ገበያ እወጣለሁ ብዬ። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ቁጥሩ አይረጋም። ስምንት መቶ ሰባ፣ ስምንት መቶ ስድሳ አምስት፣ ስምንት መቶ ሰማንያ፣ ተመልሶ ሰባ። አሁን ልብ በሉልኝ፣ ይህን ሥራ የሠራ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ሚዛን ላይ ብረት ብታስቀምጡ ቁጥሩ ይረጋና ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ትበራለች፣ ጤፍ ብታስቀምጡም እንዲሁ ነው፣ ዶሮ ወይም በግ ብታስቀምጡ ግን ቁጥሩ አይረጋም፣ ሕይወት ያለው ነገር ይተነፍሳል፣ ይንቀሳቀሳል፣ መብራቷም አትበራም። ያች መብራት አልበራችም ነበር።

ሳህኑን በእጄ መዳፍ ጠረግሁት፣ ምንም የለም፣ ቀዝቃዛ ብረት ነው። "ቆይ፣ ይህ ነገር ይፈተሻል" አልኩ ለራሴ፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። የተበላሸ ሚዛንና እውነተኛ ክብደት የሚለዩበት መንገድ እዚያው እግሬ ሥር ነበራ። ብልሽት ከሆነ ሊፍቱ ቢነሣም ቢቆምም ቁጥሩ ያው ነው የሚሆነው፣ ሳህኑ ራሱ ቢያወዛውዘው ሠላሳ አርባ ግራም ነው፣ ባዶውን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ክብደት ከሆነ ግን ይቀላል፣ ይከብዳል። ምድር ቤትን ተጫንኩ።

መውረድ ሲጀምር ሁለት ከስድስት መቶ ሰባ አለ። መሐል ላይ ተመልሶ ስምንት መቶ ሰባ። ታች ሊቆም ሲል ሦስት ኪሎ ከሰባ።

ሁለት መቶ ግራም ቀንሶ፣ ሁለት መቶ ግራም ጨመረ፣ ሦስት ኪሎ ለማይሞላ ነገር ልኩ እሱ ነው፣ ሃያ ኪሎው ላይ ያየሁትን ወስዳችሁ ብታካፍሉት እዚያው ነው የምትደርሱት። ሳህኑ ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። በሩ ተከፈተ፣ ከውጭ የአያ ደሴ ሬዲዮ ይሰማል፣ መውጣት እችል ነበር። አልወጣሁም። ጎንበስ ብዬ ሚዛኑን አጠፋሁትና መልሼ አበራሁት። ዜሮ አለ። "ተመስገን" ብዬ ሳቅኩ፣ እመኑኝ ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት። አስተዋይነቴ ወዴት ሄዶ እንደነበር አላውቅም፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ሚዛን ሲበራ ላዩ ላይ ያገኘውን ሁሉ ዜሮ ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ይህን ለነጋዴው ሁሉ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ።

ድንጋዬ አምስተኛው ፎቅ ቀርቷልና እንደገና አምስትን ተጫንኩ። ሊፍቱ ሲነሣ ዜሮው ወደ ሁለት መቶ ግራም ዘለለ፣ ከዚያ ተመለሰ። ዜሮ እኮ አይከብድም! ምንም የሌለ ነገር እንዴት ይከብዳል? ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ከሚዛኑ ፊት ለፊት ተንበረከክሁ። ሦስት ኪሎ የማይሞላ፣ የሚተነፍስ፣ የማይታይ፣ ከእኔ ሌላ ሰው በሌለበት። የመጣልኝን ነገር አፌ አውጥቶ አልተናገረውም፣ እናንተም ገብቷችኋል።

እንዴት እንዳደረግሁት አላውቅም፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ከሳህኑ በላይ ሰበሰብኩ፣ ውኃ እንደሚጨልፍ ሰው። ቁጥሩ ጠፋና መልሶ በራ፣ ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ወጥቶ ከሥሩ ሁለት ከስምንት መቶ ሰባ ይላል፣ ከላዩ ላይ ዕቃ ሲነሣበት የሚለው እንደዚያ ነው። ያች ጥግ ላይ ያለችው መብራትም በራች። ሚዛኑ ረጋ። ክንዴ ላይ ግን ከበደኝ።

ሙቀት አልነበረውም፣ ሽታ አልነበረውም፣ ድምፅም አልነበረውም፣ ክብደት ብቻ ነበር። ቢሆንም እኔ ክብደት አውቃለሁ፣ ሃያ ዓመት የሠራሁት እሱን ነው፣ የደከመ ክንድ የሚከብደውና ዕቃ የያዘ ክንድ የሚከብደው አንድ አይደለም። ሊፍቱ አምስተኛው ላይ ሊቆም ሲል ቀለለችኝ። "ቀለለችኝ" አልኩ፣ ይኸው፣ አፌ ብሎታል። በክርኔ ምድር ቤትን ተጫንኩ። መውረድ ሲጀምር ቀለለች፣ ታች ስንደርስ ከበደች። ደግሞ በክርኔ አምስትን። ሲነሣ ወደ ክንዴ ጠለቅ ትላለች፣ ላይ ስንደርስ ልትነሣ የፈለገች ያህል ቀለል ትላለች። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ በአፍንጫዬ በዓይኔ እያፈሰስኩ አለቀስኩ፣ መጥረጊያ እጅም አልነበረኝም፣ ሁለቱም ይዘዋል። "ይቅር በይኝ" ብያለሁ መሰለኝ። ስንት ጊዜ እንደወጣንና እንደወረድን አላስታውስም፣ አያ ደሴ በኋላ ከአሥር ጊዜ በላይ ነው አሉ።

የመጨረሻው ጊዜ በሩ ምድር ቤት ላይ ሲከፈት አያ ደሴ ከፊቴ ቆመዋል።

"አንተ ሰው፣ ምን ሁነሃል? ሞተሩን ልታቃጥለው ነው እንዴ?" አሉና ፊቴን ሲያዩ ድምፃቸው ዝግ አለ፣ "ምነው ልጄ? ሰው ሞተብህ?"

"አዎ" አልኳቸው። ልጄ ከሞተች ወዲህ ለዚያ ጥያቄ አዎ ስል የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

ወደ ውጭ አንድ እርምጃ ተራመድኩ፣ ክንዶቼ ያን ጊዜ ቀለሉ። በአንድ ጊዜ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ነው፣ የሆነ ሰው የተቀበለኝ ያህል። ዞር ብዬ ሚዛኑን ሳየው አሁንም የመቀነስ ምልክቱ አለ፣ ሁለት ከስምንት መቶ ሰባ፣ ስለዚህ ሳህኑ ላይ አልተመለሰችም። ሚዛኑን እዚያው ትቼ ወጣሁ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና፣ ስልኬን አውጥቼ ትርንጎ ዘንድ ደወልኩ። በዓል አልነበረም።

"ደኅና ነህ? ምነው በደኅና?" አለች።

"ደኅና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ትርንጎ፣ ጤና ጣቢያ ስትወለድ ስንት ኪሎ ናት አሉሽ?"

ዘጋችው ብዬ ስልኩን አየሁት፣ አልዘጋችውም።

"ቁጥሩን አልያዝኩትም" አለች በመጨረሻ። "ካርዱ ላይ ጽፈውት ነበር፣ ካርዱን አብሬያት ጠቅልዬዋለሁ። እኔ ልጄን በክንዴ ነው የማውቃት፣ ቁጥር ምን ያደርግልኛል?"

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ከሃያ ኪሎው ድንጋይ ጀምሬ፣ ስለቁጥሩ፣ ስለክንዴ፣ እሷም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አብደሃል ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ወይም ታለቅሳለች ብዬ፣ ወይም ደግሞ ስልኩን ትዘጋዋለች። አንዱንም አላደረገችም። በእናት ድምፅ፣ ከዚያ በፊት እኔን አናግራኝ በማታውቀው ድምፅ፣

"አንገቷን ደግፈህ ነበር?" አለችኝ።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ በአንድ እጄ ስልኩን ይዤ ሌላውን ዘርግቼ እንዴት እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ውኃ እንደሚጨልፍ ሰው ነበር የዘረጋሁት። በየትኛው በኩል ራሷ ነበር? ሕፃን አቅፌ አላውቅማ፣ ማን አስተምሮኝ!

"አላስታውስም" አልኳት።

"እንዴት አታስታውስም? አሁንስ የት ናት?"

"በሩ ሲከፈት ቀለለኝ።"

"የት አስቀመጥካት ነው የምልህ!" አለች። "ተመለስ። ግባና እያት። አንገቷ ገና አልጠናም እኮ!"

ተነሣሁ። ወደ ሊፍቱ እየሮጥኩ ሳለሁ ነው መብራት የጠፋው፣ የሕንፃው ብቻ አይደለም፣ የከተማው በሙሉ፣ ሬዲዮውም ሠርጉም አብረው ጸጥ አሉ። የሊፍቱ በር ተዘግቷል። በጣቶቼ መሐሉን ልፈለቅቀው ሞከርኩ፣ አያ ደሴ ትከሻዬን ይዘው "ልጄ፣ መብራት ይመጣል፣ ታገሥ፣ ብረት ነው፣ እጅህን ትቆርጣለህ" እያሉ ይለምኑኛል። ስልኩን በሩ ላይ ለጠፍኩት። "ይሰማሻል?" አልኳት። "ዝም በል እስኪ" አለችኝ። እሷ ደብረ ወርቅ ሆና፣ እኔ ጨለማው ውስጥ ግንባሬን ብረቱ ላይ አድርጌ፣ ሁለታችንም እያዳመጥን የስልኬ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ቆየን። የሰማሁትን ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም፣ ምክንያቱም መስማቴን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ሲርባት የምታለቅሰውንና ሲበርዳት የምታለቅሰውን ግን እለይ እንደነበር ነግሬያችኋለሁ።

መብራት የመጣው ማክሰኞ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ሲከፈት ሚዛኑ እንደተውኩት ወለሉ ላይ ነበር፣ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። ቻርጅ አድርጌ አበራሁት፣ ዜሮ አለ፣ ደግሞስ ሌላ ምን ሊል። መሥሪያ ቤት ለሥራ ባልደረቦቼ አንዳች አልተናገርኩም። ትርንጎ ግን አሁን በየማታው ትደውላለች፣ ስለ ጤናዬ አትጠይቀኝም፣ እመጣለሁም አትልም። "ዛሬስ?" ትለኛለች፣ "ዛሬም የለም" እላታለሁ፣ ከዚያ ክንዴን እንዴት ማድረግ እንዳለብኝ ደጋግማ ታስረዳኛለች፣ ግራ ክንድህን አጠፍ አድርገህ፣ ራሷ በክርንህ በኩል፣ ቀኝህ ከወገቧ ሥር። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በሊፍቱ ሲጨናነቅ እኔ ጥግ ይዤ እንደዚያ አድርጌ እቆማለሁ፣ የሚስቁብኝም አሉ፣ ብርድ ነው እላቸዋለሁ። ሊፍቱ ሲነሣ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። እስካሁን ምንም አልከበደኝም።